ሳሉን የያዘው ሸክላ

ከልደታ ማርያም ቁልቁል ወዳለው መጋዘን ሲያስገቡን መጀመሪያ የተቀበለን ሽታው ነው። የቆዳ መጋዘን ነበር። ጣሊያን ቆዳውን አውጥቶ ሰው ከተተበት፤ ጨውና ግማቱ ግን ከግድግዳው አልወጣም። በምን እንደተያዝኩ እስከ ዛሬ የነገረኝ የለም። ፈረንሳይኛ አውቅ ነበር፤ ምናልባት እሱ ይሆናል።

አጠገቤ የሚተኛው አዝማሪ ነው። ሲይዙት መሰንቆውን ሰብረውበታል፤ ጣቶቹ ግን አያርፉም፣ ጭኑ ላይ ይጫወታሉ። እኔ ደግሞ ያኔ የፈረንጅ ሸክላ ካልሆነ አልሰማም የምል ጉረኛ ነበርኩ። መሰንቆ የጠጅ ቤት ነገር ይመስለኝ ነበር።

«አንተ ጆሮህን ለፈረንጅ አከራይተሃል» እያለ ይስቅብኛል።

እናቱ ሰንጋ ተራ አካባቢ ይኖሩ ነበር። ልጃቸውን ፍለጋ በሩ ድረስ በመጡ ቁጥር ዘበኞቹ «እዚህ የለም» እያሉ ይመልሷቸዋል። እሱን የሚያንገበግበው ይሄ ነበር። «ሞቷል ብላ ታለቅስ ይሆን?» ይለኛል።

አንድ ቀን አንድ የጣሊያን መኮንን ድምፅ የሚቀርጽ መኪና አስጭኖ መጣ። የአገሬውን ዘፈን ልሰብስብ ብሎ ነው። ፈረንሳይኛ ይችል ስለነበር እኔ አስተረጎምኩ። ድምፅ እንዳያስተጋባ ግድግዳው ላይ ብርድ ልብስ ሰቀሉ። ለስላሳው ሸክላ ይሽከረከራል፣ መርፌዋ ድምፁን እየተከተለች ትቦረቡረዋለች፣ እንደ ፀጉር የቀጠነ ፍቅፋቂ ይወጣል። ለአዝማሪው ከየትም ፈልገው መሰንቆ ሰጡት፤ ድምፁን እንዳይውጠው ግን ፈቀቅ አድርገህ ያዘው አሉት።

«አድማጩ የታለ?» አለኝ። «ማን ግጥም ይሰጠኛል? ማን እሰይ ይለኛል?»

«ማንም። ትንፍሽ ማለት አይቻልም፤ መርፌዋ ሁሉን ትይዛለች።»

«ኧረ በማርያም! ታዲያ ለማን ልዝፈን?»

መኮንኑን ጠየቅሁለት። ቅዳሜ ቅዳሜ ሰንጋ ተራ ገበያው ላይ በድምፅ ማጉያ ይሰማል አለ። አዝማሪው ይህን ሲሰማ ፊቱ ተለወጠ።

«እንግዲያው እናቴ ትሰማኛለች» አለና መሰንቆውን ቃኘ።

ዘፈነ። እኔ ጉረኛው እንባዬ መጣ። መሃል ላይ ሳል ያዘው፤ ሊውጣት ሞከረ፣ አመለጠችው፣ ቀጠለ። መኮንኑ ተበሳጨ፤ ሸክላው ውድ ስለነበር ግን ይሁን ብሎ ተወው።

ወደ ውስጥ ስንመለስ እግራቸው ያበጠ አንድ ሽማግሌ አርበኛ ጠበቁን።

«ለጣሊያን ዘፈንክ?»

«ለእናቴ ነው፣ አባቴ።»

ሽማግሌው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ብዙም ሳይቆይ አዝማሪውን ከሌሎች ጋር ጠርተው በካሚዮን ወሰዱት። አልተመለሰም። የዚያ ካሚዮን ሰው የት እንደሚወሰድ ሁላችንም እናውቃለን።

ሸክላው ግን በየቅዳሜው ይዘፍናል። እናቱም ድምፁን ሰምተው፣ አሁን ደግሞ አገልግል ተሸክመው መመላለስ ጀመሩ። ልጃቸው እያለ የለም ይሏቸው ነበር፤ አሁን በእውነት ሳይኖር የለም ቢሏቸው እንዴት ይመኑ? አንድ ቀን ከዘበኞቹ አንዱ፣ የአገሬ ሰው ነው፣ ከውስጥ ጠራኝ።

«አንተ ንገራቸው። እኔ እናት አለችኝ፣ አልችልም» አለኝ።

እናቱ በሩ ጋ ቆመዋል።

«ይሄ ዘበኛ ይዋሻል፣ ልጄ» አሉኝ። «ቅዳሜ በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ። ድምፁ ደህና ነው፣ ተመስገን። ያቺ ሳል ግን አልለቀቀችውም። ሁሌ እዚያችው ስንኝ ላይ ሲደርስ ትይዘዋለች። ማርና ጤና አዳም አምጥቼለታለሁ፣ በሞቴ ስጥልኝ።»

«እማማ» አልኩ፣ «የዘፈነው አንድ ጊዜ ነው። የሳለውም አንድ ጊዜ ነው። የሚደጋግመው ሸክላው ነው።»

አገልግሉን ወደ ደረታቸው አስጠጉ።

«ሁሌ እዚያችው ላይ...» አሉ ቀስ ብለው። «እሱስ?»

«የለም፣ እማማ።»

ይጮኻሉ ብዬ ፈራሁ። አልጮኹም። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለበሱና አገልግሉን በሁለት እጃቸው ሰጡኝ።

«ተካፈሉት። ነፍስ ይማር በሉልኝ» አሉ።

ገብቼ የሆነውን ተናገርኩ። መጀመሪያ ብድግ ያሉት ሽማግሌው ናቸው፤ ባበጠ እግራቸው ግድግዳውን ተደግፈው ቆሙ። ሁላችንም ተነሣን። «ለእናቱ ነው የዘፈነው፤ ነፍስ ይማር» አሉ ሽማግሌው፤ ቆመን በላን።

ይኸው ረጅም ዕድሜ ኖርኩ። የማርሽ ባንዱ መጣ፣ ጊታሩ መጣ፣ አሁን ደግሞ የልጅ ልጆቼ ብቻውን ሁሉን የሚጫወት ኦርጋን ወደዋል። አልነቅፍም፤ እያንዳንዱ ዘመን የራሱ ጆሮ አለው። ካሴት ሲከፍቱ ግን ሳልጠይቅ አላልፍም።

«ዘፋኙ በሕይወት አለ?»

«አይ አባባ! ደግሞ ጀመሩ! ዘፈኑ ካማረ ምን አስጨነቀዎት?» ብለው ይስቁብኛል።

አለ ካሉኝ አብሬ እሰማለሁ። ሞቷል ካሉኝ ግን ዘፈኑ አይገባኝም፤ እናቱ ትኖር ይሆን፣ ይሄ ድምፅ ከየሱቁ በር ሲወጣ እንዴት አድርጋ ታልፋለች እያልኩ እቀራለሁ።