የመጨረሻዋ የንስሐ ልጅ

አባቴ ቄስ ነበሩ፤ መካነ ሰላም ዳር ባለች አንዲት ደብር ይቀድሱ ነበር። ባሕር ማዶ ሂዱ የሚለው ደብዳቤ ከአዲስ አበባ የመጣላቸው በዚያ በረሃቡና በአብዮቱ ዓመት ነው። ካሪቢያን በሚባል ባሕር ውስጥ ባለች ደሴት የሚኖሩ ጥቁር ሰዎች በእኛ ሃይማኖት ክርስትና መነሳት ይፈልጋሉ፤ የሚያጠምቃቸውና የሚያስተምራቸው ካህን ከነቤተሰቡ ይላክልን ብለዋል ይላል ደብዳቤው።

እኔ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነበርኩ። ስፈጠርም ጠያቂ ነኝ፤ እናቴ «ይቺ አፍሽ እረፍት የላትም ወይ?» እያለች ነው ያሳደገችኝ። ደብዳቤው ከተነበበ ጀምሮማ ለይቶልኝ አረፈ። ደሴት ማለት ዙሪያዋን ውሃ የከበባት አገር ከሆነች፣ ክረምት ሲገባ ውሃው ሞልቶ አይውጣትም? ሰዎቹ እንደኛ ጥቁር ከሆኑ እንዴት አማርኛ አይችሉም? ባሕሩ ጨው ነው አሉ፤ በጨው ውሃ ጥምቀት ይሆናል? አባቴ የቻሉትን መለሱ፤ ያልቻሉትን «ስንደርስ እናየዋለን» አሉ።

መንደሩም ከኔ አይሻልም ነበር። አንዱ «ለመሆኑ ጾም የሚባል ነገር ያውቃሉ?» ይላል። ሌላው «በኛ ሲመሽ በነሱ ይነጋል አሉ፤ ታዲያ ዓርብን በማን ዓርብ ሊጾሙ ነው?» ይላል። ያልጠየቁን ጎረቤታችን ሙስሊሟ ሴትዮ ብቻ ናቸው። «አብሽሩ፤ አላህ በሰላም ያግባችሁ» ብለው ከእናቴ ጋር ቁጭ አሉና ለሽሮ የሚሆነውን አተር ይቆሉ ጀመር።

መሄዱ ግን እንዲሁ ብድግ ብሎ መንገድ መግባት አልነበረም። አባቴ የነፍስ አባት ናቸው፤ ኃጢአታቸውን የሚነግሯቸው፣ ሲሞቱም እሳቸው የሚፈቷቸው ብዙ የንስሐ ልጆች አሏቸው። ካህን የንስሐ ልጁን ሜዳ ላይ ጥሎ አይሄድም፤ ለሌላ ካህን ማስረከብ አለበት። ስለዚህ በየሰንበቱ ቅዳሴ ሲያልቅ፣ አባቴ የአንዱን እጅ ይዘው በደብሩ ሌላ ቄስ እጅ ላይ ያኖሩታል። «ልጄ ነበር፤ ከዛሬ ጀምሮ ልጅህ ነው» ይላሉ። ሰዉ ያለቅሳል። እኔ ስንት ሰው ቀረን እያልኩ በጣቴ እቆጥራለሁ።

ሁሉም አልቀው አንዲት ባልቴት ቀሩ። ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ባለች ጎጆ ብቻቸውን የሚኖሩ፣ ልጅም ዘመድም የሌላቸው ሴት ናቸው። አባቴ እጃቸውን ሊይዙ ሲሉ ባልቴቷ ነጠላቸው ውስጥ ሸጎጡት።

«አባ፣ ለአንቱ የነገርኩትን ለሁለተኛ ሰው አልነግርም። ያን ጊዜ መናገሩ ራሱ ሊገድለኝ ነበር።»

«ልጄ፣ አንዴ የተፈታ ኃጢአት ተመልሶ አይነገርም» አሉ አባቴ። ባልቴቷ በዕድሜ ቢበልጧቸውም ልጄ ነው የሚሏቸው።

«ያኛው ቄስ እሱን ካላወቀ ምኔን አውቆ ይፈታኛል? አይሆንም። እኔን ቀብረው ይሂዱ።»

ሰዉ ሳቀ። እኔ ግን በገንሁ። ደግሞ ምን ይሆን ያደረጉት? ሰው ገድለው ይሆን? የሰው ባል ቀምተው ይሆን? እንዲህ ያለች ከሲታ አሮጊት ማንን ትገድላለች? አባቴን ብጠይቃቸው እንደዚያ ቀን ተቆጥተውኝ አያውቁም።

በዚያ ላይ ጊዜው አለቀብን። የከተማው ራዲዮ በየቀኑ አዲስ ነገር ያወራል፤ ወታደሩ ሹማምንቱን እየለቀመ ያስራል። የኛን ጉዳይ ያስፈጽሙ የነበሩት ሰውም ታሰሩ ተባለ። ነገር አዋቂ የተባለው ሁሉ «ክረምቱ ሳይገባ ካልወጣችሁ በሩ ይዘጋባችኋል» አለን። አባቴ ግን «አንዷን በግ ገደል አፋፍ ላይ ትቼ፣ ባሕር ማዶ በግ ፍለጋ አልሄድም» አሉ።

ረሃቡ ደግሞ ከቀን ወደ ቀን ይከፋል። ከቆላ የወጡ ሰዎች የቤተ ክርስቲያኑን ቅጥር ተደግፈው ይውላሉ፤ አንዳንዱ እንደተደገፈ ይቀራል። ባልቴቷም የሚቀምሱት አልነበራቸውም። እናቴ ለመንገድ ካሰናዳችው ገብስ በየቀኑ ቂጣ እየጋገረች በጨርቅ ጠቅልላ ታስይዘኝ ጀመር።

«እማ፣ ይሄ እኮ የመንገዳችን ነው!»

«መንገዱ የታለና ነው? ሂጂ፣ ሳይቀዘቅዝ አድርሽላቸው።»

እንግዲህ አስቡት። እሳቸው ካልሞቱ እኛ አንሄድም፤ እንዳይሞቱ ቂጣ የማመላልሰው ደግሞ እኔ ነኝ። በየጠዋቱ ከበራቸው ደርሼ «እንደምን አደሩ?» ስላቸው «ተመስገን፣ አለሁ ልጄ» ይሉኛል። በሕይወት መኖራቸው ይከፋኝ ነበር። ይህን መጻፍ ያሳፍረኛል፤ ግን እንደዚያ ነበር የሚሰማኝ።

አንድ ጠዋት ቂጣውን እንደያዝኩ በቅጥሩ በኩል ሳልፍ፣ እዚያ ለተቀመጡት ቆራርሼ ሰጠኋቸው። ምጽዋት ነው አልኩ። የተራበ ማብላት ምን ኃጢአት አለው? በማግስቱም እንዲሁ አደረግሁ። እናቴ «እንዴት አገኘሻቸው?» ስትለኝ «ደህና ናቸው» አልኳት። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! ለምን እንደማደርገው አሳምሬ አውቅ ነበር። የካህን ቤት ልጅ ኃጢአትን ጽድቅ አልብሶ መሥራት አያቅተውም።

በሦስተኛው ቀን ማወቅ ፈለግሁ። የዚያን ቀኑን ቂጣ ሳላስነካ ይዤ ሄድኩ። በሩ ገርበብ ብሏል። ባልቴቷ መሬት ላይ፣ ግድግዳውን ተደግፈው፣ መቁጠሪያቸውን ይዘው ተቀምጠዋል። ከንፈራቸው ተሰነጣጥቋል። ሲያዩኝ ሊነሱ ሞክረው አቃታቸው።

«እናትሽ ተሻላት?» አሉኝ።

«እ?»

«ካላመማት በቀር እሷ ሁለት ቀን ዝም የምትለኝ ሴት አይደለችም። ምን አግኝቷት ይሆን ብዬ ይኸው ስጸልይላት ሰነበትኩ። ትናንት ስሰግድላት ውዬ ዛሬ ጉልበቴ ከዳኝ። ንገሪኝ እንጂ፣ ተሻላት?»

ያረቢ! ያን ጊዜ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ቂጣውን ጭናቸው ላይ አስቀመጥኩና ለቅሶዬን ለቀቅሁት። «እናቴ አልታመመችም። ቂጣውን ለሌላ ሰው የሰጠሁት እኔ ነኝ። እንዲሞቱልኝ ብዬ ነው» አልኳቸው።

ይጮሃሉ፣ ይረግሙኛል ብዬ ጠበቅሁ።

«ያ አገር ምን ቢኖረው ነው ይሄን ያህል ያጓጓሽ?» አሉኝ በመጨረሻ። የምር ማወቅ ፈልገው ነው የጠየቁኝ። እንዳላየሁት፣ ለማየት ብቻ እንደጓጓሁ ነገርኳቸው።

ውሃ ቀድተሽ ስጪኝ አሉ፤ ሰጠኋቸው። ቂጣውን በውሃ እያራሱ ትንሽ ትንሽ ቀመሱ። ከዚያ አገጬን ያዝ አድርገው «ለአባትሽ እንዳትነግሪ። ለእናትሽም» አሉኝ። «እኔ የራሴን ጉድ ልሸፍን ስል አንዲት ሕፃን እዚህ አደረስኩ። በይ፣ እሑድ እመጣለሁ ብላለች በያቸው።»

እሑድ በምርኩዝ መጡ። እጃቸውን ከነጠላቸው አውጥተው ለአባቴ ዘረጉና «ያስረክቡኝ» አሉ። አባቴ እጃቸውን ይዘው አስረከቧቸው። ባልቴቷ አዲሱን የነፍስ አባታቸውን በቅጥሩ ውስጥ ወዳለው ጥድ ሥር ወስደው ቁጭ አሉና፣ አይነገርም ያሉትን ይናገሩ ጀመር። ከጥዱ ጀርባ ተቀምጦ ሁሉን የሚያሰማ ቦታ እንዳለ አውቃለሁ። ለመጀመሪያ ጊዜ ማወቅ አልፈለግሁም። ወደ ቤት ሄድኩ።

በሳምንቱ በበቅሎ አቀስታ ወጣን፤ ከዚያ በጭነት መኪና ደሴ ገባን። ባሕሩንም በአውሮፕላን ተሻገርን። ደሴቷን ውሃ አልዋጣትም። ሰዎቹ ደጎች ነበሩ፤ ዓርብንም በራሳቸው ዓርብ ጾሙ። እንግሊዝኛው አባቴን እምቢ ሲላቸው እኔ ቶሎ ያዝኩት፤ ስለዚህ ሲሰብኩ አጠገባቸው ቆሜ የማስተረጉም እኔ ሆንኩ።

አባቴ በጣም የሚወዷት ስብከት አንዲት ነበረች። «እልኸኛ ባልቴት ነበረች» ይላሉ። «ብንለምናት፣ ብንመክራት እምቢ አለች። በመጨረሻ፣ ማናችንም ምንም ሳናደርግ፣ እግዚአብሔር ራሱ ልቧን አራራልን።» ከዚያ ወደ እኔ ዞር ብለው ይጠብቃሉ። ምእመናኑም ያዩኛል። እኔም «ማናችንም ምንም ሳናደርግ» የምትለውን ሳላስቀር በእንግሊዝኛ እናገራለሁ፤ ሰዉ ሁሉ «አሜን» ይላል።