ለአክስቴ የጻፍኋቸው ሁለት ደብዳቤዎች

ይህ ታሪክ መጻፍ ይገባው እንደሆነ እስካሁን እጠራጠራለሁ። በእግራቸው ሱዳን የገቡ፣ ወንድሞቻቸውን በመንገድ ቀብረው የተሻገሩ ሰዎች አሉ፤ የስደት ታሪክ የእነሱ ነው። እኔ መንግሥት በቆረጠልኝ ቲኬት፣ በአውሮፕላን ተቀምጬ ነው ምሥራቅ ጀርመን የገባሁት። የእኔ ነገር ስለ አንድ የስምንት ዓመት ልጅና ስለ አንድ ጭብጥ በርበሬ ነው። ቢሆንም እዚህ በሰው አገር ልጅ የምታሳድጉ፣ እዚያም ቢቸናና ሞጣ ያላችሁ ወገኖቼ ታነቡት ይሆናል ብዬ፣ እንዳልዋሽ እየተጠነቀቅሁ ጻፍሁት።

ልጁ ታናሽ ወንድሜ ይሁኔ ነው። አባታችን ቀደም ብሎ አርፏል። እናታችን በሞተች በወሩ ይሁኔ መኝታውን ሌሊት ማርጠብ ጀመረ። እኔ ለውጭ ትምህርት ስመረጥ፣ የአባቴ እኅት እትዬ አንጓች ሊወስዱት ከሞጣ ወደ ቢቸና መጡ። የመውጫ ወረቀት ለማጻፍ ቀበሌ ስሄድ ሊቀ መንበሩ ብዕራቸውን አንሥተው ጠየቁኝ።

«ሕፃኑን ማን ያሳድገዋል?»

«አክስቴ።»

«አብዮቱ ያሳድገዋል በል።»

«አብዮቱ ያሳድገዋል።»

«አድራሻ?»

«ሞጣ፣ እትዬ አንጓች ቤት።»

ማኅተሙን መቱልኝ።

በመሄጃዬ ዋዜማ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ እትዬ አንጓች ይሁኔ የሚተኛበትን ቁርበት አንሥተው አሸተቱት። «ይኸን ሽታ ይዤ ሞጣ አልገባም» አሉ። ፍም አስመጡ፣ በርበሬ በተኑበት፤ ይሁኔን በላዩ አጎንብሰው በጋቢ ሸፈኑት። «ጋቢውን ያዝልኝ ልጄ። አንተ ጉልበት አለህ፣ እንዳያመልጥ አድርገህ ያዝ።»

ያዝሁ። ታላቅ ያዘዘኝን እሺ ማለት ልማዴ ነው፤ ደስ እንዲላቸውም ጫን አድርጌ ያዝሁ። ከጋቢው ሥር መጀመሪያ ጩኸት፣ ቀጥሎ ሳል፣ ቀጥሎ እንደ ጠቦት ያለ ቀጭን ድምፅ መጣ። ሲገለጥ ንፍጡና ዕንባው ካገጩ ተንጠልጥሎ ነበር። ጢሱ ለእኛም ተርፎ አስነጠሰንና ሣቅን። አዎ፣ ሣቅን። ንጋት ላይ እነሱ በጭነት መኪና ወደ ሞጣ፣ እኔ በአውቶቡስ ወደ ደጀን። ዐይኑ አብጦ ስለነበር ያውለበለብሁለትን እጅ ያየው አይመስለኝም።

ጀርመን ክፍል ያከራዩኝ ፍራው ሄልጋ ይባላሉ፤ ፍራው ማለት ወይዘሮ ነው። በመጀመሪያው ጠዋት «ሜት» የሚሉትን አቀረቡልኝ። ጥሬ የአሳማ ሥጋ ተፈጭቶ፣ ሽንኩርት ተነስንሶበት፣ ዳቦ ላይ ተለቅልቋል። ሳህኑን ወደ ጠረጴዛው መሀል ገፋሁት።

«እናንተ ጥሬ ሥጋ ትወዳላችሁ ሲሉ ሰምቼ ነው የገዛሁት» አሉ።

«የኛው በሬ ነው።»

«በሬን ከአሳማ ምን ለየው?»

ያመሰኳል ለማለት የጀርመንኛ ቃሉን አላውቀውም። እንደ በሬ አገጬን እያዟዟርሁ አላመጥሁላቸው። ሣቁና ሥጋውን ለውሻቸው ሰጡት፤ ውሻው ከጨረሰ በኋላ አፉን ሳሙት። ከዚያ ወዲያ የእሳቸውን ብርጭቆ እንኳ መንካት ቀፈፈኝ። ሰማዩ ዕቃ የታጠበበት ውኃ ይመስላል። ደረጃው ጎምዛዛ ጎመን ጎመን ይሸታል። ሰዉ በመሐረብ ተናፍጦ፣ አጥፎ፣ እንደ ዕቃ ኪሱ ይከተዋል። ከዝናብ ማግስት የሚነፍሰውን የቢቸናን የመስከረም አየር እያሰብሁ አፍንጫዬን ይዤ ነበር የምውለው።

ፍራው ሄልጋ በጡረታ ላይ ያሉ የሕፃናት መምህርት ናቸው። ሐሙስ ሐሙስ ከሥራ መልስ ወላጆች እቤታቸው ይሰበሰባሉ። «ኤልተርንበራቱንግ» ይሉታል፣ ወላጅን ማማከር እንደ ማለት ነው። ልጁን ሳይሆን አባትና እናቱን ነው የሚያለማምዱት። ይህም አስጠላኝ። የወለደ ሰው ማሳደግ ይማራል እንዴ? ግን ቋንቋ እንዲገባኝና እሳቸውም እንዲወዱኝ ሻይ እቀዳ ነበር። አንድ ሐሙስ አንድ ግዙፍ ክሬን ነጂ፣ የሰባት ዓመት ልጁ አልጋ እንደሚያረጥብ ሲናገር በሰው ፊት አለቀሰ። የሱ ማልቀስ ይባስ ቀፈፈኝ። ሆኖም መርዳት ፈለግሁና እጄን አወጣሁ።

«እኛ አገር መድኃኒት አለው» ብዬ ፍሙን፣ በርበሬውን፣ ጋቢውን በእጄ እያሳየሁ አስረዳሁ።

«እኛ በጢስ የምናደርቀው ዓሣ ነው» አለ ክሬን ነጂው። የቀሩት ሣቁ፣ ቀልድ መስሏቸው።

ፍራው ሄልጋ አልሣቁም። «ልጁን የያዘው ማነው?»

«እኔ።»

«ከዚያ ወዲያ ማርጠቡን ተወ?»

ይህን ጠይቄ አላውቅም ነበር።

ወደ ክሬን ነጂው ዞሩ። ይቆጡታል ብዬ ስጠብቅ «ጠዋት ልጅህን ስታየው መጀመሪያ የምትለው ምንድን ነው?» አሉት። አሰበና «ዛሬስ ደረቅ ነህ? እለዋለሁ» አለ። ደግሞ አሰበና አንገቱን ደፋ። «ለአንድ ሳምንት በሌላ ነገር ብትጀምርስ? አንሶላውን ያለ ወሬ አብራችሁ ቀይሩት» አሉት። በሦስተኛው ሐሙስ መጣና ልጁ ሁለት ሌሊት ራሱ ተነሥቶ እንደ ወጣ ነገረን።

የዚያን ዕለት እጄን ደጋግሜ ታጠብሁ። አሳማውንም ውሻውንም ረሳሁ። የሚቀፈኝ የራሴ መዳፍ ሆነ። ይሁኔ ሞጣ ከዚያ ፍም ጋር ብቻውን ነው ብዬ ተቀምጬ አራት ገጽ ለእትዬ አንጓች ጻፍሁ። የተማርሁትን ሁሉ ከተትሁበት። «የአረመኔ ሥራ ነው» አልሁ። እንዲያውም ነገሩ እንዲጠነክር «እስካሁን እንደሚያጥኑት ሰምቻለሁ» ብዬ ጨመርሁ። አልሰማሁም።

እትዬ አንጓች ፊደል አልቆጠሩም። ከውጭ አገር የመጣ ደብዳቤ ደግሞ እኛ ዘንድ ለብቻ አይነበብም፤ ታሽጎ ይቆይና ለማርያም ማኅበር ጠላው ከቀረበ በኋላ ዲያቆኑ ለሁሉም ያነበዋል። ይህን አሳምሬ አውቃለሁ፤ ተማሪ ሳለሁ ለስንቱ ቤት አንብቤያለሁ። ሰው በሩን ዘግቶ ደብዳቤውን ብቻውን የሚያነብበት አገር ተቀምጬ ዘነጋሁት። መልሱ በዲያቆኑ እጅ ተጽፎ መጣ።

«እኛ ደኅና ነን። ደብዳቤህ በማኅበሩ ፊት ተነቧል። አረመኔ መሆኔን ጎረቤት ሁሉ ሰምቷል። ማን እንደ ነገረህ ልጁን ጠይቀነዋል።»

ሲጠይቁ እንዴት እንደሚጠይቁ አውቃለሁ። ሮጬ ለፍራው ሄልጋ እየተረጎምሁ አነበብሁላቸው፤ የራሴንም ደብዳቤ ነገርኋቸው።

«ክሬን ነጂውን እንዲህ ብዬው ቢሆን በሳምንቱ ይመለስ ነበር?» አሉ። «አክስትህ ለልጁ ምን መልካም ነገር ያደርጋሉ?»

«ምንም።»

«ምንም የማያደርግ ሰው የሙት ልጅ ሊወስድ ከሌላ ከተማ አይመጣም።»

ለእትዬ አንጓች ከመጸየፍ በቀር ምንም አልነበረኝም። አንድ መልካም ሥራቸውን ማስታወስ ሦስት ቀን ፈጀብኝ። በመጨረሻ፣ ማኅበርተኛው ሁሉ እንደሚሰማው እያሰብሁ፣ ግማሽ ገጽ ጻፍሁ።

«እትዬ፣ በእናታችን ለቅሶ ሰሞን ይሁኔን እንቅልፍ የሚወስደው በእርስዎ ክንድ ላይ ብቻ ነበር። ጋቢውን የያዝሁት እኔ ነኝ። ሰምቻለሁ ያልሁትም ውሸት ነው፤ ልጁ ምንም አልነገረኝም። ሌሊት የሚያመልጠው በስንት ሰዓት እንደሆነ ከእርስዎ በቀር የሚያውቅ የለም። ቀድመው ቢያስነሡት ምን ይመስልዎታል? እርስዎ ያዩትን ያስተምሩኝ።»

ከሁለት ወር በኋላ በቀጠሮ ሞጣ ስልክ ቤት ደወልሁ።

«ከጀርመን? ከየትኛው ጀርመን?» አለች ስልከኛዋ።

«ከምሥራቁ።»

«እንዲያ ከሆነ ተነጋገሩ።»

«አንተ! ድምፅህ ከስቷል፤ አሳማ ያበሉሃል አሉ» አሉ እትዬ አንጓች እየጮኹ።

«አልበላም እትዬ። ይሁኔስ?»

«ማኅበርተኞቹ የኋለኛውን ደብዳቤህን ዲያቆኑን ሁለት ጊዜ አስደገሙት፤ ሴቶቹ አለቀሱ። ልጁን የሚያመልጠው ዶሮ ሊጮኽ ሲል ነው፤ ቀድሜ አስነሣዋለሁ። ቁርበቱን ከመደቤ አስጠግቼዋለሁ። ያመለጠው ለት አብረን እናሰጣዋለን፣ ምን ይደረግ።»

«በርበሬውስ?»

«በርበሬ ለወጥ ነው።»

ይሁኔን አቀረቡልኝ። ትንፋሹ ይሰማኛል። «ይሁኔ፣ እኔ ነኝ» አልሁ። «ተናገር እንጂ፣ ወንድምህ ነው» አሉት። «አውቀዋለሁ» አለ፤ ለእሳቸው ነው የተናገረው። መናገሪያውን መልሶ ሲሰጣቸው ሰማሁ።

«ደቂቃው አለቀ» አለች ስልከኛዋ።

«እትዬ፣ ለመጨረሻ ጊዜ ያጠኑት መቼ ነው?»

«ከቢቸና ከመጣን ወዲህ አንድ ቀን ብቻ ነው ልጄ። የመጀመሪያው ደብዳቤህ የተነበበ ለት።»

ያ ለት የማርያም ማኅበራቸው ዕለት ነበር፤ ጥር 21 ቀን 1975 ዓ.ም.።