ዓሣው ፋሲካን አይጠብቅም

አጎቴና ሁለት ጓደኞቹ በየዓመቱ በፋሲካ ማግስት ዓሣ ለማጥመድ ፍሎሪዳ ይወርዳሉ። ሦስቱም የኤርፖርት ታክሲ ሾፌሮች ናቸው። ሰኞ ማለዳ ከምንኖርበት ከተማ ከሲልቨር ስፕሪንግ በአጎቴ ቫን ይነሡና ተራ በተራ እየነዱ ባሕሩ ዓመቱን ሙሉ ሞቃት ወደሆነበት፣ ደቡብ ጫፍ ወዳሉት ደሴቶች ይሄዳሉ፤ እዚያ ጀልባ ከነካፒቴኑ ይከራያሉ። ለዳግማይ ትንሣኤ ይመለሳሉ። ሳምንቱን የሚነካው የለም። በሁዳዴ ዓሣ አይበሉም፤ ስለዚህ ጾሙ እንደተፈታ መሄድ ነው።

የእኔ ድርሻ ስንቅ መቋጠርና ሲመለሱ ዓሣውን ማጽዳት ነበር። የምሠራው በጎረቤቷ ከተማ በአሌክሳንድሪያ፣ ዓሣ መሸጫ ውስጥ ስለሆነ ቢላዋ አያስቸግረኝም። ስድስት ዓመት ኩለር የሚሉትን የበረዶ ሣጥናቸውን በአጎቴ ቤት ቤዝመንት፣ ምድር ቤቱ ውስጥ እየከፈትኩ፣ ያመጡትን ቅርፊቱን ፍቄ፣ ቆራርጬ፣ ለየቤታቸው ከፋፍያለሁ። ነይ አብረን እንሂድ ያለኝ የለም። እኔም ውሰዱኝ አላልኩም፤ መሄዱን ግን ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ እፈልግ ነበር። ሰው ፊት መናገር ይከብደኛል። እንግዳ ሲመጣ ኩሽና የምገባ ሰው ነኝ።

ግን እጽፍ ነበር። ሱቁ ውስጥ የገባውን ዓሣ ዓይነትና ቀን የምመዘግበው እኔ ነኝ፤ ልማድ ሆኖብኝ ከአጎቴ ኩለር የወጣውንም በደብተር እይዝ ነበር። አንድ ዓመት ክዳኑ አልገጥም ብሎ በገመድ ታስሮ መጣ፦ ግንባሩ እንደ ግድግዳ ቀጥ ያለ ማሂ ማሂ፣ ቀላ ያለ ስናፐር፣ አፈ ሰፊው ግሩፐር። በሌላው ዓመት ሦስት ትንንሽ ስናፐር ብቻ በረዶ ውስጥ ተቀብረው መጡ። ሲበዛ ጎበዞቹ እነሱ ናቸው። ሲያንስ ጥፋቱ የካፒቴኑ ነው፤ ካልሆነም የነፋሱ።

ዘንድሮ በሁዳዴ አንድ እሑድ ደብተሩን ከፋሲካ ቀኖች ጋር አስተያየሁት። ኩለሩ የሞላው ፋሲካ ዘግይቶ፣ ሚያዝያ ወደ ማለቁ ሲል የዋለ ጊዜ ነው። ቀደም ካለ ባዶ ነው፤ ዘንድሮ ደግሞ ቀድሟል። ስልኬ ላይ ፈልጌ አነበብኩ፤ እንግሊዝኛው ሲያቅተኝ መልሼ መላልሼ አነበብኩ። ሴልፊሽና ኪንግ ማክሬል የብርድ ወራት ዓሦች ናቸው፤ ፋሲካ ሲደርስ እየሳሱ ነው። ማሂ ማሂ የሚበዛው ግንቦት ላይ ነው። ታርፖን የሚሉት፣ ሰው የሚያህል፣ ተይዞ የሚለቀቀው ብርማ ዓሣም በድልድዮቹ ሥር የሚተራመሰው ያኔ ነው። ግሩፐርን ደግሞ የፈረንጆቹ ኤፕሪል እስኪያልቅ ይዞ መሄድ በሕግ ክልክል ነው። ሳነብ ተናደድኩ። ያን ሁሉ ዓመት የሚያውቁ መስለውኝ ነበር።

የፋሲካ ዕለት ሦስቱም አጎቴ ሳሎን ተቀምጠው ሲበሉ፣ ውሃ ላቀርብ ገብቼ ቆምኩ።

«ጋሼ» አልኩት አጎቴን፣ «ዘንድሮ ነገ ባትሄዱ ይሻላል። ዓሣው ገና ነው። ዓሣው ፋሲካን አይጠብቅም።»

ከጓደኞቹ ረጅሙ ጉርሻውን እንደያዘ ቀረ። «ምን አለች?»

«ዓሣው ኦርቶዶክስ አይደለም እያለችህ ነው» አለ ሌላው፤ ሳቁ ቤቱን ሞላው።

«እሺ ፕሮፌሰር፣ መቼ እንሂድ ታዲያ?» አለ ረጅሙ።

«ግንቦት አጋማሽ። ሃምሳው ቀን ገና አያልቅም። ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾምም። ለምን የመጀመሪያው ሳምንት ላይ ትጣደፋላችሁ?»

«ይሄን ስድስተኛ ክፍል ነው ያስተማሩሽ?» አለ ያው ረጅሙ።

ከዚያ በላይ አልተማርኩም፤ ያውቃል። ፊቴ ጋለ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ወደ ኩሽና እሮጥ ነበር።

«የእናንተ ኩለር ነው ያስተማረኝ» አልኩት። «ስድስት ዓመት የከፈትኩት እኔ ነኝ። ደግሞ በግንቦት እኔም እሄዳለሁ።»

አጎቴ ቀና አለ። «የኔ እናት፣ ጀልባ ላይ ለሴት ይከብዳል። ሽንት ቤቱ እንኳ...»

«ጀልባው ሽንት ቤት አለው። ካፒቴኑ ጋ ደውዬ ጠይቄያለሁ።»

ወደ ምግባቸው ተመለሱ። በማግስቱ ሄዱ። ስንቅ አልቋጠርኩላቸውም፤ መንገድ ላይ በርገር ሲበሉ ሰነበቱ። ቅዳሜ ሲመለሱ፣ ያጠመዱትን አራት ግሩፐር ሕጉ ስላልፈቀደ ወደ ባሕሩ መልሰው እንደጣሉ ሰማሁ። ኩለሩ ውስጥ ሁለት ስናፐር ነበሩ። ቤዝመንት አልወረድኩም። አጎቴ ራሱ ቢላዋ ይዞ ሲታገል፣ ሥጋውን ከአጥንቱ ጋር ሲያበላሸው ከደረጃው ላይ ቆሜ አየሁት። ላግዝህ አላልኩም።

ሥራ ቦታ የግንቦት ፈቃዴን ቀድሜ ወስጄ ነበር። አጎቴ ባይሄድ በአውቶቡስ ልሄድ ወስኜ ነበር። ከሁለት ሳምንት በኋላ ሱቅ እያለሁ ኮል አደረገልኝ።

«ኦፍ ያወጣሽው ከስንት እስከ ስንት ነው?»

ነገርኩት።

«በይ እኔም ሽፍቴን አስተካክላለሁ። ያ ረጅሙም ልምጣ ብሏል። ስታፍሪ ለማየት ነው አሉ።»

«ይምጣ» አልኩ።

በግንቦት ሦስታችን ወረድን፤ ባሕሩ ላይ ገና አንድ ሰዓት ሳንሄድ አስመለሰኝ። ረጅሙ ሰውዬ «ይኸው ግንቦት!» እያለ ሳቀብኝ። አፌን ተጉመጥምጬ ተመልሼ ቆምኩ። ካፒቴኑ ተንሳፋፊ የባሕር ሣር ያለበት አካባቢ ሲያደርሰን የእኔ ማጥመጃ ዘንግ ጎበጠ፤ ክሩ እየጮኸ ወጣ። ዓሣው ከውሃው ዘለለ፤ ወርቅማ አረንጓዴ ነው። ሱቅ ውስጥ የማውቀው ማሂ ማሂ ግራጫ ነው፤ በሕይወት እያለ እንዲህ መሆኑን አላውቅም ነበር። ዘንጉን በሁለት እጄ ጨብጬ ያዝኩ።

ረጅሙ ሰውዬ እጁን ዘረጋ። «ስጪኝ፣ ስጪኝ፣ ታስመልጪዋለሽ!»

«አልሰጥም።»

«አንቺ ልጅ፣ ከባድ ነው!»

«አልሰጥም አልኩ፣ ጋሼ። ሊያግዙኝ ከፈለጉ ኩለሩን ይክፈቱልኝ።»

አጎቴ ከኋላው ሳቀ። ረጅሙ ሰውዬ እያጉረመረመ ጎንበስ ብሎ ክዳኑን ሲያነሣ እኔ እግሬን ጀልባው ጠርዝ ላይ ተክዬ ክሩን እጠቀልል ነበር።