ሳልቀምሰው «ጥሩ ነው» ያልኩት የማር መረቅ

ቅርንፉድ ማር ውስጥ ሲፈላ ሽታው መጀመሪያ አፍንጫን ቆንጠጥ ያደርግና ቀጥሎ ጉሮሮ ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል። ባለፈው ነሐሴ ምራቴ ማድ ቤት ምንቸቷን ጥዳ ስታማስል ይኸው ሽታ የተኛሁበት ድረስ መጣና፣ እኔን አሮጊቷን ጎትቶ እንጦጦ ላይ፣ እናቴ ምድጃ አጠገብ አስቀመጠኝ።

ያን ጊዜ ንጉሡ እንጦጦ ላይ ከትመው፣ መኳንንቱም ተከትለዋቸው፣ ተራራው ጎጆ በጎጆ ሆኖ ነበር፤ አዲስ አበባ የሚባል ስም ገና አልወጣም። እናቴ የአንዱ መኰንን ባለቤት ማድ ቤት ውስጥ ትሠራ ነበር፤ ሴትዮዋን ሁላችንም «እመቤቴ» ነበር የምንላቸው። አባቴ ግን ተራራውን አልወደደውም፤ «ብርዱ አጥንቴን በላው» እያለ ታች የካ፣ ዘመዶቹ ዘንድ፣ ወይራውና ጥዱ ላይ ቀፎውን ሰቅሎ ይከርም ነበር። ንቦቹን በኦሮምኛ፣ እኛን ባማርኛ ነበር የሚያናግረው፤ ለንቦቹ ያለው ትሕትና ለኛ ቢኖረው ኖሮ እንዴት ያለ አባት በሆነ።

አደይ አበባ ረግፎ ኅዳር ሲገባ የመጀመሪያውን ማር ቆርጦ፣ በቅል ሞልቶ፣ ዳገቱን እያለከለከ ይወጣ ነበር። ያ ማር እንከን አይወጣለትም፤ እንዲሁ በጣት እየተጠነቆለ ያልቃል። በጋ ሲሆን ነጋዴዎች ቅርንፉድና ቀረፋ ይዘው ይመጡና እመቤቴ ገዝተው፣ በትንሽ ከረጢት ቋጥረው፣ ራስጌያቸው ያኖሩት ነበር፤ እናቴ ስትፈልግ ራሳቸው ፈትተው ቆንጠር አድርገው ይሰጧታል። እመቤቴ ደግ ናቸው፣ ቅርንፉድ ላይ ግን ሌላ ሰው ነበሩ።

ክረምቱ ሲጋመስ የጓሮው ኮክ ይደርሳል። ትንሽ፣ ጠንካራና ጎምዛዛ ስለሆነ እንዲሁ ቢበሉት ጥርስ ያጠርሳል፤ እናቴ ልጣጩን ገፍፋ፣ ለሁለት ከፍላ፣ በትንሽ ውሃ ቀቅላ፣ ከላዩ የማር መረቅ ታፈስበት ነበር። መረቁን ስትሠራ ማሩን በውሃ በጥብጣ፣ አሙቃ፣ ሰፈፉን ገፍፋ፣ በስስ ጨርቅ ታጠለዋለች፤ ከዚያ የተወቀጠ ዝንጅብልና ኮረሪማ፣ የተሰባበረ ቀረፋ፣ መጨረሻ ላይ ቅርንፉዱን ጨምራ በረመጥ ታማስለዋለች። ማማሰያውን ስታነሣው ሳይቆራረጥ እንደ ክር ከወረደ ደርሷል ማለት ነው።

ችግሩ ኮኩ የሚደርሰው በፍልሰታ መሆኑ ነው። ማር ጾም ባያስገድፍም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ በአፍ የሚዞር ነገር የለም፤ መረቁ ደግሞ እስኪቀዘቅዝ ጊዜ ስለሚፈልግ ጠዋት ነበር የሚሠራው። ወጡን እናቴ በማሽተት ብቻ ታውቀው ነበር። ማር ግን በማሽተት አይታወቅም፤ ንብ እንደ ፍየል ያገኘችውን ሁሉ ትቀስማለችና ከግራዋ አበባ የቀሰመችው ማር መልኩም ሽታውም ደህና ሆኖ ሲቀምሱት ይመራል። ስለዚህ የምትቀምስላት እኔ ነበርኩ። ማንኪያውን «እፍ» ብላ ታቀርብልኛለች፣ እኔም ዓይኔን ጨፍኜ፣ እንደ ትልቅ ሰው አስቤ፣ «ዝንጅብል ይቀረዋል» ወይም «ጥሩ ነው» እላታለሁ። ከአፌ የወጣውን አምና ነበር የምትሠራው፤ በዓለም ላይ እንደኔ የተከበረ ሰው ያለ አይመስለኝም ነበር።

ሰባት ዓመት በሞላኝ ክረምት ነገሩ ተበላሸ። እኩዮቼ ሁሉ ፍልሰታን መጾም ጀምረው፣ ጠዋት ጠዋት ማርያም ለማስቀደስ ሲሄዱ እርስ በርስ «ምላስሽን አሳዪ!» ይባባሉ ነበር። የጾመ ሰው ምላስ ነጭ ነው፤ የኔ ግን ምኑ ይነጣል! አንዷ አይታ «ይቺ ማር በልታለች፣ ጾም ገዳፊ!» ስትል ሁሉም ተቀብለው ቤተ ክርስቲያኑ አጥር ድረስ እየዘፈኑ አደረሱኝ። እናቴን «እኔም ልጹም» ብላት፣ «ለዘንድሮ ቅመሽልኝ፣ ለከርሞ ትጾሚያለሽ» አለችኝ። ለከርሞ ማለት ለሰባት ዓመት ልጅ ሞተሽ ስትነሺ እንደ ማለት ነው።

በማግስቱ ማንኪያውን ስታቀርብልኝ ከንፈሬን ብቻ አስነክቼ፣ ዞር ብዬ በቀሚሴ ጫፍ ጠረግሁትና «ጥሩ ነው» አልኳት። አመነችኝ። በሁለተኛውም በሦስተኛውም ቀን እንዲሁ አደረግሁ፤ ማሩ ደህና ስለነበር ማንም አላወቀም። ምላሴ ነጣ፣ ልጆቹም እሰየው ብለው ከመሐላቸው አስገቡኝ። በአራተኛው ቀን አባቴ አዲስ ቅል አመጣ፣ እናቴም ከፍታ ሠራችበት። እኔም እንደ ልማዴ ጠረግሁና «ጥሩ ነው» አልኩ።

የዚያን ዕለት የእመቤቴ ባል ወንድም ከሩቅ አገር መጥተው እንግዳ ነበሩ። ዘጠኝ ሰዓት ሆኖ፣ ማዕዱ ተበልቶ፣ ኮኩ ቀረበ። በትልቅ ሰው ቤት አሳላፊው ከሚያቀርበው ነገር ላይ አስቀድሞ በመዳፉ አድርጎ በጌቶቹ ፊት ይቀምሳል፤ የሚገድል መድኃኒት እንደሌለበት ማረጋገጫው ይኸው ነው። አሳላፊው ቀመሰና ፊቱ ጭምድድ አለ።

«ምን ሆንህ?» አሉት እመቤቴ።

«ይመራል፣ እመቤቴ።»

እንግዳው እጃቸውን ከገበታው ሰበሰቡ። በዚያን ዘመን በእንግዳ ፊት የቀረበ ምግብ መረረ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ልጅም ያውቀው ነበር፤ እኔም ከበሩ ጥግ ቆሜ አይ ነበር።

እናቴ ተጠርታ ነጠላዋን አደግድጋ ገባች። «አንቺ ነሽ የሠራሽው?» አሏት እመቤቴ።

«አዎን፣ እኔ ነኝ።»

«እንግዲያው ጠጪው» አሉ እንግዳው።

አፍ ሲከዳ ከሎሌ ይብሳል ይባላል፤ የኔ አፍ ግን ያን ጊዜ ነው ያልከዳኝ። «እኔ ነኝ! እማዬ አልቀመሰችውም! እኔም አልቀመስኩትም፣ ጾም ነኝ!» ብዬ ጮህኩ። እናቴ ዞራ አየችኝና መረቁ ያለበትን ዋንጫ ተቀብላ እስከ አተላው ጠጣችው። መሞቷ ነው አልኩ። እኔ ምን እንደገባበት በምን ላውቅ? አልቀመስኩት! እናቴን በገዛ አፌ ገደልኳት ብዬ ያለቀስኩትን ለቅሶ ከዚያ በኋላ፣ እውነተኛ ሞቷ ጊዜ እንኳ አላለቀስኩትም።

እናቴ ከንፈሯን ጠርጋ «የግራዋ ማር ነው፣ ጌታዬ። ሌላ ነገር የለበትም» አለች። እንግዳው ግን አላሰናበቷትም፤ ጥላው ከበሩ መድረክ እስኪያልፍ እዚያው አቆሟት። ምንም እንዳልሆነች ሲያዩ እመቤቴ በጣታቸው ነክተው ቀመሱና «እውነትም ግራዋ ነው» አሉ፤ ቀጥለው ወደኔ አመለከቱ። «ይቺ ልጅ ስንት ዓመቷ ነው?»

«ሰባት ሞላት፣ እመቤቴ።»

«ሰባት የሞላትን ልጅ ጾም ታስፈቻለሽ? ወይ ጉድ! ጥፋቱስ ያንቺ ነው።»

ማድ ቤት ስንገባ ይቆነጥጡኛል ብዬ ጭኔን ይዤ ቆምኩ። እናቴ ግን መቀመጫ ስባ ተቀመጠች። «መጾምሽ አላስከፋኝም» አለችኝ። «አልቀመስኩም ብትይኝ ምን ነበረበት? ሌላ ሰው እፈልግ ነበር እኮ።» ከዚያ ወዲያ አላነሣችብኝም። በማግስቱ የሦስት ዓመቱን ወንድሜን አዝላ መጣችና ማንኪያውን ለሱ አቀረበችለት፤ እሱም ያገኘውን ሁሉ «ድገሚኝ» ይል ነበር እንጂ ስለ ዝንጅብል የሚያውቀው ነገር አልነበረም። እኔ ምላሴን አንጥቼ ጥግ ይዤ አየዋለሁ።

ዛሬ ኮተቤ፣ ልጄ ቤት ነው የምኖረው። አባቴ ቀፎ ይሰቅልበት የነበረው ዳገት ባሕር ዛፍ ለብሷል፤ ምራቴም ማሩ ሲጎድልባት ከሱቅ ስኳር ታክልበታለች፣ አልፈርድባትም። የነፍስ አባቴ «ዕድሜሽም ሆድሽም አይችልም» ብለው ከጾም ስላሰናበቱኝ፣ በፍልሰታ እዚህ ቤት ጾም የሌለብን ሁለት ብቻ ነን፦ እኔና የአራት ዓመቱ የልጅ ልጄ። ስለዚህ ምራቴ ባለፈው ነሐሴ፣ ሽታው በጎተተኝ ዕለት፣ መረቁን በማንኪያ ይዛ፣ «እፍ» ብላ፣ «እማማ፣ እስቲ ይቅመሱልኝ» ብላ አቀረበችልኝ።

ቀመስኩት። ምንም የለም። ባለፈው ዓመት ካመመኝ ወዲህ ምላሴ ጣፋጩንም መራራውንም መለየት ትቷል፤ ለማንም አልተናገርኩም ነበር። ማድ ቤት የምጠራበት አንድ ጉዳይ ቢኖር ይኸው መቅመስ ነው፤ ሽንኩርት እንዳልከትፍ ዓይኔ፣ እንዳላማስል ክንዴ እምቢ ብሏል። ያኔ እውነቱን ብናገር የማጣው ነገር አልነበረኝም፣ ዋሸሁ። አሁን የማጣውን አውቀዋለሁ። «ጥሩ ነው» የምትለዋ ቃል ከንፈሬ ላይ ደርሳ ነበር።

«አልለየሁትም፣ ልጄ» አልኳት። «ሕፃኑን ጥሪው።»

ዞር ብላ ጠራችው። በማግስቱም ማንኪያውን ይዛ፣ በኔ በኩል አልፋ፣ በቀጥታ ወደሱ ሄደች።