ብናኝ የሌለበት ኮት

አባቴ ወደ ሆላንድ የመጡት እናቴ ካረፈች በኋላ ነው። ሮተርዳም አጠገብ ካፔለ አን ደን አይሰል በምትባል ከተማ ያለው አፓርታማዬ ውስጥ፣ መስኮት ሥር ተቀምጠው ይውላሉ። አንድ ቅዳሜ ትንሽ ከቤት ይውጡልኝ ብዬ የኢራን ፊልም ወደሚታይበት፣ ሮተርዳም ወዳለ የሰፈር አዳራሽ ወሰድኳቸው።

ፊልሙ ከሥራ ስለተባረረ አባት ነበር። ሰውየው ለቤተሰቡ አልተናገረም። ጠዋት ጠዋት ጢሙን ተላጭቶ፣ የተተኮሰ ሸሚዝ ለብሶ ይወጣል፤ መናፈሻ ውስጥ ተቀምጦ ይውልና ማታ ሥራ የዋለ መስሎ ይገባል። ከምስሉ ሥር የሚያልፈውን በደች ቋንቋ የተጻፈ ትርጉም እያነበብኩ በሹክሹክታ ስተረጉምላቸው አባቴ እጄን ያዝ አደረጉኝ።

"ተይው፣ ገብቶኛል" አሉኝ።

ፊልሙ አልቆ መብራት ሲበራ ውይይት ተጀመረ። አንዲት ሴትዮ ተነስታ፣ ድሆች በዚያ ሁሉ ችግር መሀል ክብራቸውን ሲጠብቁ ማየት ልብ ይነካል አለች። አባቴ ምን እንዳለች ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው።

"ክብር አይደለም፤ ፍርሃት ነው" አሉ። "እኔም አድርጌዋለሁ።"

ወደ ቤት ስንመለስ ሜትሮ ባቡር ውስጥ አወሩኝ። እኔ ልጅ ሳለሁ ከሚሠሩበት የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ተቀንሰው ኖሯል። እናቴ የቋጠረችላቸውን ምሳ ይዘው ይወጡና ቤተ ክርስቲያን ግቢ ዛፍ ሥር ይውሉ ነበር፤ ሌላ ሥራ እስኪያገኙ ድረስ።

"እናትሽ ሳታውቅብኝ ማረፏ ነው የሚያጽናናኝ" አሉ።

እናቴ ግን ታውቅ ነበር። ከአገር ልወጣ ስል አጫውታኛለች። አባቴ ከፋብሪካ ሲመለሱ ኮታቸው ላይ የተጣበቀውን የጥጥ ብናኝ ማታ ማታ ታራግፍላቸው ነበር። አንድ ሰሞን ብናኙ ጠፋ። እንዳወቀች እንዳይጠረጥሩ ብላ ንጹሑን ኮት ማራገፏን አልተወችም።

ቢሰሙት ቀለል የሚላቸው መሰለኝና ነገርኳቸው። 

"እንግዲያው እሷም ብቻዋን ነበረች" አሉ አባቴ። "አንድ አልጋ ላይ እየተኛን።"

ጣቢያችን ስንደርስ አልተነሱም፤ ክንዳቸውን ይዤ አስወረድኳቸው።

ከዚያ ወዲህ ከቤት መውጣት ትተዋል። ለቅዳሴም ቢሆን "አንቺ ሂጂ" ይሉኛል። ከሥራ ስገባ ጠዋት እንደተውኳቸው፣ ጋቢያቸውን እንደተከናነቡ አገኛቸዋለሁ። ማናገር የሚፈልጉት እናቴን ነው።  ራት አቀርብላቸዋለሁ፤ ትንሽ ቀምሰው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው ያዞራሉ።