ግልባጩ ቀድሞ ደረሰ

ስለ ከማለዲን ሕይወት አንድ ገጽ ጻፍ ተብያለሁ። እሱ በደረሰው መጽሐፍ ጀርባ ሊወጣ። ያዘዙኝ የመሥሪያ ቤታችን የኅትመት ኮሚቴ ሰብሳቢ ወይዘሮ ወለተኢየሱስ ናቸው። «ሃያ ሁለት ዓመት አብራችሁ ሠርታችኋል፤ ካንተ በላይ ማን ያውቀዋል?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ከእኔ በላይ የሚያውቀው የለም። ከእኔ በላይ የቀናበትም የለም፤ ይኼን ግን እሳቸው አያውቁም።

እሺ፣ ከማለዲን አጋርፋ ተወለደ። አባቱ ገብስና ስንዴ ያርሱ ነበር። አስራ ሁለተኛን ጨርሶ ሮቤ መጣና እኛ መሥሪያ ቤት፣ መዝገብ ቤት ገባ፤ ይኸው እስከ ዛሬ እዚያው ነው። ደብዳቤ ይቀበላል፣ ቁጥር ይሰጣል፣ ፋይል ውስጥ ያስገባል። አለቀ። ያለ ቁጥር በእጁ የሚያልፍ ነገር የለም። አንድ ጊዜ የልጄን ክርስትና መጥሪያ ብሰጠው ገቢ ቁጥር ጽፎበት ነው ኪሱ የከተተው፤ ባለቤቴ እስከ ዛሬ ትስቅበታለች።

እኔ ደግሞ ኪዳነማርያም ነኝ፣ የጎባ ልጅ፣ ደብዳቤ አርቃቂ። አዲስ ኃላፊ በመጣ ቁጥር «ይኼን የጻፈው ማነው?» ብሎ የሚጠይቀው ስለ እኔ ነው። በአማርኛውም በኦሮምኛውም እጄ አይታማም። ልብ ወለድ እየጻፍኩ እንደሆነም መሥሪያ ቤቱ በሙሉ ያውቃል። ከጀመርኩ አስራ አራት ዓመቴ ነው። አስራ አራት ገጽ ደርሻለሁ።

ባለፈው ዓመት መስከረም ላይ ከማለዲን አንድ ካርቶን ተሸክሞ መጣና ጠረጴዛዬ ላይ ዘጭ አደረገው። «ኪዳኔ፣ እስቲ እየው። ፊደል ከሳትኩ አርምልኝ» አለኝ። አራት መቶ ሠላሳ ገጽ! በአሮጌ ቅጾች ጀርባ፣ በእጅ የተጻፈ። ለካ ስንት ዓመት ሙሉ ምሳችንን በልተን፣ ዙህር ሰግዶ ሲመለስ፣ ከመደርደሪያው ጀርባ የሚጠፋው ለዚህ ኖሯል። እኔ እኮ ይተኛል ብዬ ነበር!

ድርሰቱ በከዋክብት መካከል ስለተዘረጋ ግዛት ነው። አርባ ሺህ ኮከብ የሚገዛ ንጉሠ ነገሥት አለ፤ እሱን ግን አንድም ገጽ ላይ አናየውም። ከማለዲን የጻፈው ከታች ስላሉት ነው፤ ስለ ክልሉ፣ ስለ ዞኑ፣ ስለ ወረዳው፣ ከሁሉም ይልቅ ስለ ቀበሌው። አስራ ሰባት አባወራ ብቻ ያለበት፣ ብርዱ የሳነቴን ተራራ የሚያስንቅ አንድ ድንጋይ አለ፤ እሱ ቀበሌ ነው። የቀበሌው ቢሮ በር ስለሌለው ሊቀመንበሩ ማኅተሙን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ይተኛል። ደግሞ ሁለት ጎረቤት ዓለማት አሉ። አንደኛዋ ድሮ የዞኑ መቀመጫ ነበረች፣ ሁለተኛዋ ነጠቀቻት። የድሮዋ እስከ ዛሬ ደብዳቤ የምትጽፈው በድሮው አርማ ነው። ጎባና ሮቤ ናቸው እንጂ ሌላ ማን ናቸው? ሳቄ አመለጠኝ፣ ወዲያው ደግሞ ተናደድኩ። የጎባ ልጅ እኔ፤ ስለ ጎባ የጻፈው የአጋርፋ ልጅ!

ያቃጠለኝ ግን እሱ አይደለም። ምዕራፍ ሰባት ነው። ከማዕከሉ ያንን ቀበሌ የሚያፈርስ ደብዳቤ ይወጣል። ዋናው ደብዳቤ በክብር፣ በአጀብ፣ በቀርፋፋው መርከብ ይጫናል። ግልባጩ፣ እኛ በኦሮምኛ ገረገልቻ የምንለው፣ በፈጣኗ የፖስታ መርከብ ይላካል። ስለዚህ ግልባጩ ዋናውን በአስራ አንድ ዓመት ይቀድመዋል። ሰዎቹ ቀበሌያቸው እንደፈረሰ ያውቃሉ፤ አቤት እንዳይሉ ግን ዋናው አልደረሳቸውም፣ በግልባጭ ደግሞ አቤቱታ አይቀርብም። አስራ አንድ ዓመት ሙሉ እንደፈረሱ ሆነው ይጋባሉ፣ ይወልዳሉ፣ በወሰን ይጣላሉ።

ማርያምን፣ ይኼ የእኔ ታሪክ ነው! ሳላገባ፣ አንገቱ ወደምትባል ሩቅ የገጠር ከተማ መዛወሬን የሚገልጽ ደብዳቤ ግልባጩ ደረሰኝ። አልጋዬን ሸጥኩ፣ የተከራየሁትን ቤት ለቀቅኩ፣ አራት ወር ሰው ቤት ሻንጣዬ ላይ ተቀመጥኩ። ዋናው እስከ ዛሬ አልመጣም። ይኼን ለማሳቅ ብዬ በምሳ ሰዓት ስንቴ አውርቼዋለሁ! እሱ እየሳቀ ሰማኝ፣ ከዚያ ሄዶ ጻፈው። እኔ ብጽፈው ቀልድ ነበር የሚሆነው። እሱ ጽፎት ሳነበው ግን አለቀስኩ። በገዛ ታሪኬ ሌላ ሰው አስለቀሰኝ፤ አንጀቴ አረረ። ካርቶኑን እዚያው ምዕራፍ ሰባት ላይ ዘጋሁት። «ጨረስከው?» ሲለኝ «እያየሁት ነው» እለዋለሁ።

መሥሪያ ቤታችን በዓመት አንድ ድርሰት ብቻ ያሳትማል። ዘንድሮ የቀረበው የከማለዲን ነው፤ ኮሚቴው አርብ ሊወስን ተቀጠረ። ረቡዕ ጠዋት ደብዳቤ የምታድለው ሙሉአለም ቢሮዬ በር ላይ ቆማ «ጋሽ ኪዳኔ፣ የከማልን ሰሙት? ኮሚቴው ሲያነበው ሰምቼ ሥራዬን ረሳሁ። እንዲህ ያለ ሰው መሀላችን ኖሯል!» አለችኝ። ለእኔ! ለአርቃቂው!

በምሳ ሰዓት ሰው ሁሉ ሲወጣ ኮምፒውተሬ ላይ ተቀመጥኩ። «ጉዳዩ፦ ከሌላ ሰው የተወሰደ ድርሰት ስለመሆኑ ማሳወቅን ይመለከታል» ብዬ ጀመርኩ። በዕድሜዬ እንደዚያ ያማረ ደብዳቤ አልጻፍኩም። አትሜ አወጣሁና ለኮሚቴው የሚሄደውን ፖስታ ውስጥ ከትቼ «ጥብቅ ምስጢር» አልኩበት። ምስጢር የተባለ ፖስታ መዝገብ ቤት ሳይከፈት ነው ቁጥር የሚያገኘው። ከማለዲን በገዛ እጁ ቁጥር ሰጥቶ፣ ምን እንደያዘ ሳያውቅ ለኮሚቴው ያሳልፈዋል ማለት ነው። ይኼን ሳስብ ደስ አለኝ። ልዋሽ አልፈልግም፣ ደስ አለኝ። ያተምኩትን ሁሉ ወጪ ሳጥን ውስጥ ጣልኩና፣ ራሴን አሞኛል ብዬ አስፈቅጄ ወጣሁ።

የጎባ ሚኒባስ ውስጥ ተቀምጬ ደብዳቤዬን በቃሌ አነበንበዋለሁ። ጉዳዩ። ዝርዝሩ። ከሰላምታ ጋር። ከዚያ ቀጥሎ…

ከሰላምታው በታች እጄ ራሱ የሚጽፈው ነገር አለ። ሰው ላይ ክስ ሲጻፍ፣ የተከሰሰው እንዲያውቀው ግልባጭ ይደረግለታል። ሥርዓቱ ነው፤ ለአዲስ ገቢዎች የማስተምረውም እኔ ነኝ። «ግልባጭ፦ ለአቶ ከማለዲን፣ መዝገብ ቤት።» ጽፌዋለሁ! ሁለተኛውን ቅጂ አትሜ፣ በስሙ ላይ ምልክት አድርጌ፣ ሳጥኑ ውስጥ ከትቼዋለሁ። ሙሉአለም ደግሞ ግልባጭ ሲሆን በቀጥታ ለባለስሙ ነው የምታድለው። እኔን አፈር ያስበላኝ!

«ወራጅ አለ!» ብዬ ጮህኩ። ሾፌሩ «ምን ነካቸው እኚህ ሰውዬ፣ አሁን አይደል የተሳፈሩት?» እያለ አወረደኝ። ባጃጅ ይዤ ተመለስኩ።

ከማለዲን ወንበሩ ላይ ነበር። ግልባጩ ፊቱ ተዘርግቷል፤ ፖስታው አጠገቡ ነው፣ አልተከፈተም፣ ቁጥርም አላገኘም።

«ኪዳኔ፣ ና ተቀመጥ» አለኝ። ድምፁን ከፍ አላደረገም። «ይኼ ፊርማ የለውም። ዋናውስ? ምስጢር ስለሚል አልከፈትኩትም። ራስህ ክፈተውና እይ።»

ከፈትኩት። እሱም ላይ አልፈረምኩም። ሃያ ሁለት ዓመት ስጽፍ የመጀመሪያው ያልፈረምኩበት ደብዳቤ እሱ ነው።

ከኪሱ እስክሪብቶ አውጥቶ ዘረጋልኝ። «ያልተፈረመ አልቀበልም፣ ታውቃለህ። ፈርምና ቁጥር ልስጠው፤ ከአርብ በፊት ይደርሳቸዋል። የአንገቱን ዝውውር ነገር ያወራኸኝ አንተ ነህ። ቢጠይቁኝ ወላሂ እውነቱን ነው እላለሁ።»

አያችሁ? ብፈርም አሸንፌ ነበር። መጽሐፉ ይቀር ነበር። እስክሪብቶው ዓይኔ ሥር ነው፣ ሰውዬው ቀና ብሎ እያየኝ ነው፣ እኔ ደግሞ እዚህ ላይም ቀናሁበት። እንዲህ መሆን እንዴት ይቻላል? ደብዳቤውን አጣጥፌ ኪሴ ከተትኩት።

«በቃ፣ አልደረሰኝም። ኮሚቴውም አያየውም» አለ።

«ግልባጩስ ከማል? ስጠኝ።»

ወረቀቱን አንስቶ መሳቢያው ውስጥ አስገባና ቀስ ብሎ ዘጋው። «ግልባጩማ ደርሶኛል፣ ኪዳኔ።»

አርብ ኮሚቴው በአንድ ድምፅ አጸደቀለት።

ሥጋ ስለማንጋራ ሃያ ሁለት ዓመት የተካፈልነው ሽሮ ነው፣ ከአንድ ሳህን። ጠዋት ስገባ ከወንበሩ ሳይነሳ «ኪዳኔ፣ አከም ቡልቴ!» ይለኝ ነበር፤ እንዴት አደርክ ማለቱ ነው፤ አንተ ብሎ፣ እንደ ወንድም። ሰኞ ስገባ ብድግ አለ። እጆቹን አጣምሮ፣ አንገቱን ዝቅ አድርጎ «እንደምን አደሩ፣ አቶ ኪዳነማርያም?» አለኝ። ምሳውን ለብቻው በላ። ሰው ሁሉ ከማል ትሑት ሆነ ይላል።

አሁን የአጋርፋውን፣ የአባቱንና የመዝገብ ቤቱን ብቻ ለይቼ በአንድ ገጽ ጽፌአለሁ፤ ነገ አስረክባለሁ። ቁጥር የሚሰጠው እሱው ነው። ዛሬውኑ ፈርሜበታለሁ። ከወንበሩ ተነስቶ፣ ያንን እስክሪብቶ በሁለት እጁ ዘርግቶ «ይፈርሙልኝ» ሲለኝ መስማት አልችልም።