ትንሿን ሎደር ወደ ሰቃ የወሰድን ጊዜ

ባሌ በሞተ በሦስተኛው ወር ግንድ የሚያነሳ ሎደር ልመርጥ ሄድኩ።

ሥራችን ዛፍ ማንሳት ነበር። ጅማ ውስጥ ጣሪያው ላይ ባህር ዛፍ ያዘነበለበት ወይም ግቢው ውስጥ ዋንዛ የደረቀበት ሰው ይደውልልናል። ስልኩን የማነሳው፣ ሄጄ ዛፉን የማየውና የምለካው እኔ ነኝ። መጋዙ የባሌ ነበር። ገመዱን የሚይዙት ደግሞ ከእሱ ጋር አሥራ ስድስት ዓመት የሠሩ የጅማ ሰው ናቸው። በዕድሜ ስለሚበልጡን ሁለታችንም ጋሼ ነበር የምንላቸው።

ሰቶ ሰመሮ ሰፈር፣ ተዳፋት ላይ የቆመ ባህር ዛፍ ቆርጠው ግንዱን አምስት ሆነው በገመድ ሲያወርዱ ግንዱ ተንከባለለ። ባሌ ከታች ነበር። እኔ በዚያ ሰዓት ቤት ሆኜ ስለ ሌላ ዛፍ በስልክ እያወራሁ ነበር።

አላለቀስኩም። ለቅሶ የመጡ ሴቶች "በሆዷ ነው የምታለቅሰው" ይባባሉ ነበር። በሆዴም አላለቀስኩም። ድንኳኑ ሲነሳ የእድሩን ወንበሮች አስረከብኩ፣ ከጎረቤት የተዋስነውን ድስት አጥቤ መለስኩ። ሰው ብዪ ሲለኝ በላሁ።

አንድ ቀን ከጅማ ወጣ ብላ ካለችው ከሰቃ ተደወለ። ጋሼ በረንዳዬ ላይ ተቀምጠው ነበር።

"የደረቀ ሰሳ ነው" አልኳቸው። "ቡና መሃል፣ ከአንዲት እናት ቤት በላይ ቆሟል።"

"ምን አልሽ?"

"መጥተን እናያለን አልኩ።"

"እኔ ከእንግዲህ ግንድ በሰው ጉልበት አላወጣም" አሉ። "ወላሂ አላወጣም። ማሽን ካለ እሠራለሁ።"

በማግስቱ ብቻዬን ሰቃ ሄድኩ። ሰሳው ለዓመታት ቡናውን ሲያጠላ የኖረ ትልቅ ዛፍ ነው፤ አሁን ቅርፊቱ ተልጦ ቅርንጫፎቹ በነፋስ ይንጓጓሉ። ባለቤቷ ጠና ያሉ እናት ናቸው። ሜትሬን ዘርግቼ በቡናው ረድፎች መካከል ያለውን ስፋት ስለካ ከኋላዬ እየተከተሉኝ፣

"አምና ያ ረጅሙ ሰውዬ መጥቶ አይቶልኝ ነበር። እሱስ አልመጣም?" አሉኝ።

"ሞቷል።"

ገበያ ሄዷል የምል ይመስል ነበር አነጋገሬ። እናትየው "ኢና ሊላሂ" ብለው እጄን ያዙ። እጄን እስኪለቁልኝ ጠበቅኩና መለካቴን ቀጠልኩ። ስመለስ በመንገዱ ላይ ያለውን የእንጨት ድልድይም ለካሁ።

ጅማ፣ ጊንጆ ሰፈር ውስጥ ማሽን የሚያከራይ ሰው ግቢ አለ። ከጋሼ ጋር ገባን። ሁለት ትንንሽ ሎደሮች ቆመዋል። አንደኛዋ ባለ ጎማ ነች፤ ኦፕሬተሩ በብረት ጋቢና ውስጥ ተቀምጦ ነው የሚነዳት። ሌላዋ ባለ ሰንሰለት ነች፤ ከባጃጅ ብዙም አትበልጥም፣ የሚነዳትም ከኋላዋ ቆሞ ነው።

"ጉልበት ከፈለጋችሁ ባለ ጎማዋን ውሰዱ" አለ አከራዩ። "ይቺኛዋ መጫወቻ ነች።"

"ክብደቷ ስንት ነው?" አልኩት።

"የየትኛዋ?"

"የሁለቱም። ስፋታቸውንም ልለካ።"

ሳቀ፤ እኔ ግን ለካሁ። ባለ ጎማዋ በቡናው መካከል አታልፍም። ብታልፍም ስትዞር ጎማዋን መሬት ላይ እየጎተተች ነው፤ የቡና ሥር ደግሞ ቅርብ ስለሆነ ታበላሸዋለች። ባለ ሰንሰለቷ ክብደቷን መሬት ላይ ዘርግታ ነው የምትሄደው። ጋሼ ግቢው ውስጥ የወደቀ ግንድ አሳይተው "ታንሳው" አሉ። በብረት መንጋጋዋ ያዘችው፤ ከፍ ስታደርገው ግን ኋላዋ ከመሬት ተነሳ።

"አየሽ?" አለ አከራዩ።

"አሳጥረን እንቆርጥላታለን" አሉ ጋሼ። በዚሁ ባለ ሰንሰለቷን ያዝን።

ለማጓጓዝ መካከለኛ የጭነት መኪና ተከራየን። ከማሽኗ ጋር የተሰጠን ኦፕሬተር በፊቷ ሊያወጣት ሲል ጋሼ አስቆሙት። ሞተሯ ከኋላ ስለሆነ ክብደቷ እዚያ ነው፤ በፊቷ ከወጣች መወጣጫው ላይ ወደ ኋላ ትገለበጣለች። አዞሯትና በኋላዋ ወጣች። ጋሼ ከጎን ቆመው "ሱታ! ሱታ!" ይላሉ፤ ቀስ በል ማለታቸው ነው። መንጋጋዋን ወለሉ ላይ አሳርፈን አራት ማዕዘኗን በሰንሰለት አሰርን።

ከከተማ ትንሽ እንደወጣን መኪናው እንዲቆም አደረግኩ።

"አሁን አይደል እንዴ ያሰርነው?" አለ ሾፌሩ።

ወርጄ ሳይ አንዱ ሰንሰለት ላልቷል። ራሴ አጠበቅኩትና ተመልሼ ገባሁ። ጥቂት ከሄድን በኋላ ጋሼ "እጅሽ!" አሉ። ጣቴ ተቆንጥጦ ቀሚሴ ላይ ደም ይንጠባጠባል። ምንም አልተሰማኝም ነበር። መሐረባቸውን ሰጡኝ፤ ጠቀለልኩት።

ድልድዩ ጋ ስንደርስ ሾፌሩ ከነጭነቱ አልሻገርም አለ። ልክ ነበር። ማሽኗን አወረድናት፣ ብቻዋን ተሻገረች፣ የቀረውን መንገድ በራሷ ሄደች። እኛ ከኋላዋ በእግር ተከተልን።

ከአጋሮ ያስመጣነው ቆራጭ ዛፉ ላይ ወጥቶ ከጫፍ ጀምሮ በቁራጭ በቁራጩ አወረደው። እያንዳንዱ ቁራጭ በገመድ ሲወርድ ሎደሯ ይዛው በቡናው መካከል ታወጣለች። ከሰዓት በኋላ የታችኛው ግንድ የመጀመሪያ ቁራጭ ደረሰ። ውፍረቱ የሰቶ ሰመሮውን ያህላል። ማሽኗ ጠጋ አለች፣ ቆነጠጠችው፣ ከመሬት ትንሽ ብቻ አነሳችውና ይዛው ሄደች። አጠገቧ አንድም ሰው አልነበረም።

"እንዲህ ቀላል ነበር?" አልኩ።

ጋሼ ገመዱን መጠቅለላቸውን አቆሙ።

"ባልሽ ነግሮኝ ነበር" አሉ። "እነዚህን ማሽኖች ጊንጆ አይቷቸው አንዷን እንከራይ ብሎኝ ነበር። ገመድ ይበቃናል ያልኩት እኔ ነኝ።"

ዓይኔን እያዩ ነበር የነገሩኝ። እንድሰድባቸው የፈለጉ መሰለኝ።

"ስንት ቁራጭ ቀረ?" አልኳቸው።

"አራት።"

አራቱንም አወጣን። ሁለት የቡና እግር ተሰብሮ ነበር፤ እናትየው ጎንበስ ብለው አዩትና "ከሥሩ ያቆጠቁጣል፣ ተዉት" አሉ። "ገላቶማ" ብለው ሁላችንንም አመሰገኑ። ማሽኗን በመጣችበት መንገድ መልሰን ጫንን። ጅማ ስንገባ ጋሼ በር ላይ አደረሱኝ፤ ደህና እደሩ፣ ደህና እደሪ ተባብለን ተለያየን።

ዛሬም አብረን እንሠራለን። ያንን ነገር ዳግመኛ አላነሱም፤ እኔም አላነሳሁም።

ጋሼ የነገሩኝ ግን ከወር በኋላ፣ አንድ ጠዋት፣ ጅማ ውስጥ በማላውቃቸው ሰዎች ግቢ የጥድ ዙሪያ ስለካ ነው ልቤ የገባው። ባሌ አንዷን እንከራይ ብሎ ነበር። በየት ቆሞ፣ በምን ድምፅ እንዳለው ታየኝ። ሜትሬን እንደያዝኩ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። የቤቱ ሴትዮ "ምነው፣ አመመሽ?" ብለው ውኃ አመጡልኝ። ጠጣሁ። ሌላ ጨመሩልኝ፤ እሱንም ጠጣሁ። ከዚያ ተነስቼ የጥዱን ዙሪያ እንደገና ከመጀመሪያው ለካሁ፤ የቅድሙ ቁጥር ጠፍቶብኝ ነበር።